ሁለት ቁስለኛና አንድ አልጋ

አይሱዙው የሆስፒታሉን በር አልፎ ሲገባ ላዩ ላይ የተሳፈሩት ሰዎች ገና እየተደባደቡ ነበር። መሀላቸው ሁለት ቁስለኞች በአንድ የሱፍ ባና ላይ ጎን ለጎን ተጋድመዋል፤ አንዱ የተኮሰው፣ ሌላው የተተኮሰበት። ከመንዙ ጓሳ እስከ ከተማዋ በኮረኮንቹ መንገድ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። የተገኘው መኪና አንድ ብቻ ስለሆነ የሁለቱም ወገን ዘመዶች አብረው ተጭነው መጥተዋል። አብሯቸው የመጣው ብቸኛ ፖሊስ ጠመንጃውን አግድም ይዞ፣ አንዴ ይለምናል አንዴ ይሳደባል፤ ከተሰነጠቀ ከንፈሩ ደም በአገጩ ላይ ይወርዳል።

ሰርካለም ጩኸቱን የሰማችው ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የአንዲት አሮጊት ቁስል ስታጥብ ነው። ጓንቷን እንዳጠለቀች ሮጣ ወጣች። የመኪናው የኋላ መዝጊያ ሲከፈት ከሰዎቹ በፊት የወረደው ደም ነበር፤ በሳንቃዎቹ መሀል ተንጠባጥቦ ጠጠሩ ላይ ፈሰሰ።

"የባሰበት የቱ ነው?" አለች።

"ወንድሜ ነዋ! ወንድሜን አንሺው!" አለ ሸሚዙ እስከ ወገቡ የተቀደደ አንድ ረጅም ሰው። ይሥሐቅ ይባላል። ወንድሙ ፈንታ እምብርቱ አጠገብ በጥይት ተመትቷል። በነጠላ አስረውታል፤ ነጠላው ጠቁሯል፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

ከጎኑ የተኛው ተኳሹ ተገኘ ነው። የእሱም ቀኝ ክንድ ከክርኑ በላይ በማጭድ ተገምሶ አጥንቱ ይታያል። የገመሰው ይኸው ይሥሐቅ ነው። የተገኘ ሚስት አየለች ክንዱን በመቀነቷ አንቃ፣ ቋጠሮውን በሁለት እጇ ጨምድዳ እንደያዘች ነው የመጣችው። ሰርካለም ልታስለቅቃት ስትሞክር ጣቶቿ ደርቀው አልፈታ አሏት።

ጠቡ የሣር ነው። የጋራ የሣር መሬታቸው ጓሳ ለዓመታት ተዘግቶ ቆይቶ ያን ሳምንት ለአጨዳ ተከፍቶ ነበር። ፈንታና ተገኘ በአጨዳ ድርሻቸው ድንበርተኞች ናቸው። ፈንታ አጭዶ የከመረውን ሣር ተገኘ አየና "የድንበር ድንጋዩን አልፈህ ነው ያጨድከው" አለው። ፈንታ እየሳቀ "አባትህም እንዲሁ ሲያለቃቅስ ነው የሞተው" ብሎ መለሰለት። ተገኘ ጀርባውን ሰጠው። ወደ አህያው ሄደ፤ ከጭነቱ ሥር ጠመንጃውን መዘዘ፤ ከአሥር እርምጃ ላይ ሆዱ ላይ ለቀቀበት። ሁለተኛውን ሲያቀባብል ይሥሐቅ በማጭዱ ደረሰበት።

ሆስፒታሉ ያለው የቀዶ ሕክምና አልጋ አንድ ብቻ ነው። በዚያ ሰዓት፣ ከጠዋቱ አራት ተኩል ገደማ፣ የሰርካለም አለቃና አስተማሪ ታዲዮስ አንዲት ወላድ በኦፕሬሽን ገላግሎ ሆዷን ሰፍቶ ሊጨርስ ጥቂት ቀርቶታል። ስለዚህ ማን ይቅደም የሚለውን መወሰን የእሷ ዕጣ ሆነ። የፈንታን ሆድ ነካች፤ እንደ ከበሮ ደርቋል። የልብ ትርታው በጣቷ ሥር እንደ ክር ቀጥኖ ይሮጣል፤ የደም ግፊቱ ሰባ ነው። የተገኘን ክንድ በደንብ በሚያጠብቀው ማሰሪያ ከላይ አሰረችው፤ ደሙ ቆመ። ዓይኑን ገልጦ "ውሃ" አለ።

"ፈንታ ይቀድማል" አለች ለነርሷ ለናኢማ። "ተገኘ ማሰሪያው ከያዘለት አንድ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ተኩል ይቆያል። ይኼኛው ሩብ ሰዓት የለውም።"

አየለች ሰማቻት። "ምነው እመቤቴ? ባሌስ ሰው አይደለም?"

"ይገባል እትዬ አየለች። ቀጥሎ እሱ ነው የሚገባው። ማሰሪያው እስከዚያ ይይዝለታል።"

"አንቺ ማነሽና ነው የምትወስኚው?" አለ ይሥሐቅ ከበስተኋላ። "ዶክተሩ የታለ?"

"ዶክተር የለም። የሚቀድደው ጋሽ ታዲዮስ ነው፤ እኔ ተማሪው ነኝ።"

"ተማሪ? ተማሪ ወንድሜ ላይ ሊለማመድ?" አንገትጌዋን ጨምድዶ ከግድግዳው ጋር አላተማት። ጭንቅላቷ ሲመታ ጆሮዋ ውስጥ ጭው አለ። ትንፋሹ ከፊቷ ላይ ነው፤ ጣቶቹ ጉሮሮዋ ላይ ጠበቁ።

"እኔን ስታንቅ... እሱ ይሞታል" አለች፤ ድምጿ ተቆራርጦ። "ልቀቀኝ።"

ፖሊሱ በሰደፍ ትከሻውን ሲለው ለቀቃት። ሰርካለም ጉሮሮዋን እያሻሸች የአልጋውን ጎማ ራሷ መግፋት ጀመረች።

ተማሪ መባል ለሰርካለም አዲስ አይደለም፤ ተማሪ ከሆነች ሰባት ዓመቷ ነው። ዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ዲግሪ አያይዞ ማስተማር ሲጀምር ከተቀበላቸው አሥራ ሁለት ልጆች አንዷ ናት። አራት ዓመት ጤና መኮንንነት ተማረች፤ ከዚያ ወደ ሥራ ሳትወጣ ሦስት ዓመት ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና። ትምህርቱ የታሰበው የቀዶ ሐኪም ለማይደርስባቸው ወረዳዎች ነው፤ ትርፍ አንጀት የሚያወጣ፣ ምጥ የጠናባትን የሚገላግል፣ በጥይት የተመታን ሆድ የሚከፍት ሰው ለማፍራት። ከአሥራ ሁለቱ አራቱ መሀል ላይ አቋርጠዋል። እሷ የቀራት የአምስት ሳምንት ልምምድና የመጨረሻው ፈተና ነው።

ሞላሌ አጠገብ ገብስ እያረሱ በጎች የሚያረቡት አባቷ አቶ ጌጡ ግን ነገሩ እስከ ዛሬ አልገባቸውም። በቅርቡ ደውለው "ሰባት ዓመት ተምረሽ ዶክተር ካልሆንሽ ምን ልበልሽ ታዲያ?" ብለዋት ነበር።

"ሰርካለም በለኝ አባባ።"

"ለእኔማ ምን ቸገረኝ። ለጎረቤት ነው እንጂ።"

"ሆድ ትቀድዳለች በላቸው።"

አቶ ጌጡ ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ።

ታዲዮስ ራሱ በዚህ ሙያ ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ ቆሎ አይጠፋም፤ በሁለት ኦፕሬሽን መሀል ግድግዳ ተደግፎ ይቆረጥማል። ሰው ላይ ሲጮህ ሰምታው አታውቅም። እጇ የተንቀጠቀጠ ቀን "ቢላውን አስቀምጪውና እስከ አምስት ቁጠሪ" ነበር ያላት። አሁን ግን ፈንታን ገፍታ ስትገባ ጉሮሮዋ ላይ የቀሩትን የጣት ምልክቶች አይቶ ፊቱ ተለወጠ።

"ማነው እንዲህ ያደረገሽ?"

"በኋላ" አለችው። "ግፊቱ ሰባ ነው።"

የማደንዘዣ ባለሙያው ትዕዛዙ ፈንታን አስተኛው። ሁለት ከረጢት ደም ነበር፤ ሁለቱንም ሰቀሉለት። ታዲዮስ ቢላውን ለሰርካለም አቀበላት። "አንቺ ክፈቺ፤ እኔ እረዳሻለሁ።"

ከደረቱ ሥር እስከ እምብርቱ ታች በአንድ ስንጥቅ ከፈተችው። ደሙ ገንፍሎ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ወርዶ ጫማዋ ውስጥ ገባ፤ ሙቀቱ በካልሲዋ በኩል ተሰማት። በሁለት እጇ የረጋውን ደም እየዛቀች አወጣች። ታዲዮስ አንጀቱን ወደ ጎን ሰብስቦ ሲይዝላት የሚተፋውን የደም ሥር አየችው፤ ከአንጀቱ እጥፋት ሥር ነው። በጣቷ ጨመቀችው፤ ከዚያ በመቆንጠጫ ያዘችና አሰረችው።

"ጎበዝ" አለ ታዲዮስ። "አሁን ቀዳዳዎቹን እንቁጠር።"

አንጀቱን ከላይ ጀምረው በጣታቸው እያሳለፉ አዩት። አራት ቦታ ተበስቷል። የመጀመሪያውን ሰፍታ ሁለተኛውን ስትይዝ ነው ከድንገተኛ ክፍል በኩል የሴት ጩኸት የተሰማው። የሕመም ጩኸት ለምዳለች፤ ይኼ ሌላ ነበር። ቀጥሎ የናኢማ ድምፅ መጣ፦ "ሰው ድረሱልን! ሊያርደው ነው!"

ታዲዮስ እጁን ከሆዱ ውስጥ አወጣ። "ያዥው፤ መጣሁ።"

"ጋሽ ታዲዮስ፣ ፖሊስ አለ እኮ!"

እሱ ግን ወጥቶ ነበር።

ቀጥሎ የሆነውን ሰርካለም በዓይኗ አላየችም፤ ናኢማ ኋላ ነው የነገረቻት። የቀሩት የተገኘ ዘመዶች ኋላ በሌላ መኪና ደርሰው የግቢውን በር በድንጋይ ይደበድቡ ስለነበር ፖሊሱ ወደዚያ ሮጧል። ይሥሐቅ ክፍሉ ውስጥ ፖሊስ አለመኖሩን አየ። ማጭዱን ባናው ውስጥ ጠቅልሎ ኖሯል ከመኪናው ያወረደው። ናኢማን በክርኑ ደረቷን ብሎ ጣላት። ተገኘ በአንድ እጁ ሊከላከል ተነሳ፤ ማሰሪያው ያለበት እጁ አልታዘዘውም። የመጀመሪያው ምት ትከሻው ላይ አረፈ። ሁለተኛው ሲመጣ አየለች ማጭዱን በባዶ እጇ ያዘችው። ይሥሐቅ ወደራሱ ሳበው፤ የግራ እጇ ሁለት ጣቶች ወለሉ ላይ ወደቁ። ሦስተኛው የተገኘን አንገት አገኘ።

ታዲዮስ የደረሰው በዚህ መሀል ነው። ከኋላው ወገቡን አቅፎ ይሥሐቅን ከአልጋው ላይ ነቀለው። ይሥሐቅ ዞር ብሎ ማንነቱን እንኳ ሳያይ ማጭዱን ወደ ኋላ ወነጨፈው። ሹል ጫፉ ከታዲዮስ ብብት ሥር በጎድኖቹ መሀል ገባ። ሊነቅለው ሲታገል የሆስፒታሉ ዘበኛ በብረት ወንበር ጭንቅላቱን መታው። ወደቀ። ዘበኛው ደገመው፤ ሠለሰው። ናኢማ ናት እግሩን ይዛ ያስቆመችው።

ሰርካለም ያየችው የኦፕሬሽኑ ክፍል በር ሲከፈት ነው። ታዲዮስ በገዛ እግሩ መጣ። አረንጓዴ ጋዋኑ ከብብቱ እስከ ጉልበቱ ርሷል። የበሩን መቃን ይዞ ቆመና "ሰርኬ" አላት፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ጠርቷት አያውቅም። "ትንፋሽ አጠረኝ።" በመቃኑ ላይ ተንሸራትቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

በዚያው ቅጽበት በተገኘ ዘመዶች የተወረወረ ድንጋይ መስኮቱን ሰብሮ ገባ፤ መስታወቱ መሣሪያዎቹ ላይ ተበተነ። ከግቢው በኩል ጥይት ጮኸ፤ አንድ፣ ሁለት፤ ፖሊሱ ወደ ሰማይ ሲተኩስ ነው። ትዕዛዙ ጎንበስ ብሎ የፈንታን ፊት በክንዱ ጋረደ።

ሰርካለም እጇ የሰው ሆድ ውስጥ ነው። ቀና ብላ ታዲዮስን አየችው። የአንገቱ ሥሮች ተገትረዋል፤ ከንፈሩ ጠቁሯል፤ ደረቱ በአንድ ጎን ብቻ ይነሳል። ደረቱ ውስጥ የታጎረ አየር ሳንባውን እየጨፈለቀው መሆኑን ለማወቅ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልጋትም። የቀሩት ደቂቃዎች ብቻ ናቸው።

"ጎዝ!" አለች። ያልተሰፉትን ቀዳዳዎች በመቆንጠጫ ያዘቻቸው፤ ሆዱን በርጥብ ጎዝ ሞልታ በጨርቅ ሸፈነችው። "ትዕዛዙ፣ እንዲህ እንዳለ አቆይልኝ።"

"ተይው!" አለ ትዕዛዙ፤ እንባው ማስኩን አርሶታል። "ይሙት ተይው! ወንድሙ እኮ ነው ያረደን!"

ጓንት ቀይራ ከታዲዮስ አጠገብ በጉልበቷ ተንበረከከች። የመስታወቱ ስብርባሪ ሱሪዋን አልፎ ጉልበቷን ወጋት። ማደንዘዣ መስጫ ጊዜ የለም። ጎድኖቹን በጣቷ ቆጠረች።

"አምስተኛው..." አለ ታዲዮስ፤ ድምፁ እንደ ፉጨት ነው።

"አውቃለሁ። ዝም በል።"

ቆዳውን ሰነጠቀች። መቆንጠጫውን አስገብታ በጎድኑ ላይ በኃይል ገፋችው፤ ታዲዮስ እንደዚያ ይጮሃል ብላ አስባ አታውቅም። ተጫነችው። ጫፉ ሲያልፍ አየሩ ከጎማ እንደሚተነፍስ ሁሉ ሽሽሽ ብሎ ፊቷ ላይ ደም ረጨባት። ጣቷን ከተተች፤ የሳንባው ጫፍ እየተነፋ መጥቶ ጣቷን ነካት። የአየር ማውጫ ቱቦ አስገብታ ሰፋችው፤ ጫፉን ውሃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ አስገባች። ጠርሙሱ ቀልቶ ይፈላ ጀመር። የታዲዮስ ከንፈር ቀስ እያለ መልኩን ያዘ።

ናኢማ በሩ ላይ ቆማለች፤ እስከ ክርኗ ደም ነው። "ተገኘ ሞቷል" አለች። "ሚስቱን አስሬ አስተኝቻታለሁ። ይሥሐቅን ፖሊሱ በካቴና ቧንቧው ላይ አስሮታል፤ ነፍሱ አለች።"

ሰርካለም ተነሳች። ጠረጴዛው ላይ ፈንታ ሆዱ እንደተከፈተ ተኝቷል። ደሙን እየጠጣ ነው፤ በሆስፒታሉ የነበረውን ሁለት ከረጢት ደም። ታዲዮስ ወለሉ ላይ ነው፤ ተገኘ ሬሳ ሆኗል፤ ሁሉም በዚህ ሰው ወንድም እጅ።

ትዕዛዙ አያት። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና ዝቅ ባለ ድምፅ "እኔ ምንም አላየሁም" አለ።

ምን ማለቱ እንደሆነ ገባት። አሥር ደቂቃ መቆም ብቻ ይበቃል። መቆንጠጫ ማላላት እንኳ አያስፈልግም። አስተማሪዋ የተወጋባት አንዲትን ተማሪ ለምን አላዳንሽም ብሎ የሚጠይቃት አይኖርም። ፈለገችውም። ማጭዱ እጇ ውስጥ ያለ ያህል ነበር የፈለገችው፤ ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልነገረችም። ምን ያህል ጊዜ እንደቆመች አታውቅም። ጎዙ ሥር አንጀቱ ሲንቀሳቀስ አየች፤ ዝግ ብሎ፣ ባለቤቱ ያደረገውንም የተደረገበትንም ሳያውቅ፣ ቁርሱን ወደፊት ይገፋል። ዛሬ እዚህ ግቢ ውስጥ አንድ ሰው ታርዷል፤ ሁለተኛውን እሷ ልትገድል ነው እንዴ?

እስከ አምስት ቆጠረች።

"ናኢማ፣ ታጠቢ። መርፌ የምታቀብዪኝ አንቺ ነሽ። ትዕዛዙ፣ ዙር።"

ትዕዛዙ ዞረ። ሦስቱን ቀዳዳዎች ሰፋች፤ የተጎዳውን አንድ ክንድ የሚያህል አንጀት ቆርጣ አውጥታ ጫፎቹን አገናኘች፤ ሆዱን በውሃ አጠበች። በተሰበረው መስኮት የመንዝ ነፋስ እየገባ ላቧን አበረደው። ስትጨርስ ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ቀጥላ የአየለችን እጅ አጽድታ ቁስሉን ዘጋች። ከዚያ የይሥሐቅን ጭንቅላት ሰፋች፤ አሥራ ሦስት ስፌት። ሲያልቅ "ወንድሜስ?" አላት።

በጥፊ መታችው። ካቴናው ቧንቧው ላይ ተንቃጨለ።

"ይኖራል" አለችው።

ታዲዮስን በዚያው ከሰዓት በአምቡላንስ ወደ ደብረ ብርሃን ላኩት፤ ቱቦው በዘጠነኛው ቀን ወጣለት። ወደ ቀድሞ ሆስፒታሉ ግን አልተመለሰም። በስልክ ስታገኘው ጎኑ ድኗል አላት፤ እንቅልፍ የነሳው የአየለች ጩኸት ነው። "ትንሽ ፈጥኜ ወጥቼ ቢሆን" ይላል።

ፈንታ በአራተኛው ቀን ማገገም ጀመረ። ሰርካለም የቁስሉን ጎዝ ልትቀይር ስትገባ ትራስ ተደግፎ አጥሚት ይጠጣል። ከሞት የተረፈ ሰው ፊት ነው ያለው፤ ዓይኑ ሁሉን ነገር እንደ አዲስ ያያል።

"ያ ውሻ ሞተ አሉኝ። እውነት ነው?"

"ተገኘ ሞቷል።"

"የይሥሐቅ እጅ ይባረክ።" አጥሚቱን ፉት አለ። "እንዲያ ነው ወንድም።"

ጎዙ በደረቀ ደም ከሥጋው ጋር ተጣብቆ ነበር። ውሃ አርከፍክፎ ቀስ ብሎ ማላቀቅ ነው ደንቡ። ሰርካለም በሁለት ጣቷ ያዘችና ላጠችው። ፈንታ ጮኸ፤ አጥሚቱ ብርድ ልብሱ ላይ ፈሰሰ። ቀጣዩንም ያዘችና ላጠችው፤ መዳን የጀመረው ሥጋ ተነስቶ ደም አወጣ። ሦስተኛውን ስትይዝ ፊቱን አየች። ፈርቷታል። ያ ሁሉ ኩራቱ ጠፍቶ እጁን አንስቶ እየተከላከለ ነው።

እጇን መለሰች። "ናኢማ፣ አንቺ ጨርሺለት" ብላ ወጣች። ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ፣ ሰው በማያይበት፣ የድንጋይ ግንቡን የጣቷ መገጣጠሚያ ቆዳው እስኪገፈፍ በቡጢ ደበደበችው። በማግሥቱ ተመልሳ ራሷ ጎዙን ቀየረችለት፤ በውሃ እያራሰች፣ ቀስ ብላ። ይቅርታ አልጠየቀችውም። እሱም ስለወንድሙ እጅ ዳግም አላነሳም።

ከሆስፒታል በወጣ በሦስተኛው ሳምንት የተገኘ ወንድሞች የፈንታን ቤት በሌሊት አቃጠሉት። እሱ ቀድሞ ሸሽቶ ስለነበር የነደደው ክዳኑ፣ ጎተራውና አንዲት ላም ናት። አሁን ቆላ ወርዶ ሰው ቤት ተጠግቷል ይባላል።

ፈተናው ላይ ከሦስቱ ፈታኞች አንዱ የክስተቱን ወረቀት ይዘው "ሆዱ የተከፈተን በሽተኛ ጥለሽ ሄድሽ" አሏት።

"ሄድኩ።"

"ተመልሰሽ ባትመጪስ?"

"ይሞት ነበር።"

"ልትመለሺ እርግጠኛ ነበርሽ?"

"አልነበርኩም" አለች ሰርካለም። ሰውየው መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋትና ወረቀቱን ገለበጡት። አለፈች።

ችሎቱ የተሰየመው ከክረምቱ በፊት ነው። ሰርካለም ምስክርነቷን ሰጠች። ይሥሐቅ ፀጉሩን ተላጭቶ የስፌቱ ጠባሳ እየታየ አቀርቅሮ ሰማ። ሃያ ሁለት ዓመት ፈረዱበት። አዳራሹ ውስጥ የሁለቱ ወገኖች ሴቶች እኩል አለቀሱ፤ ወንዶቹ ደጅ ወጥተው ሊቧቀሱ ሲሉ ፖሊሶች በዱላ ለያዩዋቸው።

አየለች ከሕንፃው ጎን፣ ግርግሩ በማይደርስበት ደረጃ ላይ ጥቁር ለብሳ ብቻዋን ቆማ ነበር። ሰርካለምን ስታይ ጠራቻት።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እንደ ሌሎቹ አታለሳልሺብኝ። ያን ቀን መጀመሪያ ባሌን አስገብተሽው ቢሆን፣ ይተርፍ ነበር?"

ሰርካለም የሚባለውን ታውቃለች። እግዜር ያለው ነው፣ ማን ያውቃል፣ ራስሽን አታስጨንቂ። ሁሉም አፏ ድረስ መጥቶላት ነበር።

"አዎ" አለች። "ይተርፍ ነበር።"

"ፈንታስ?"

"ይሞት ነበር።"

አየለች በጤነኛ እጇ በጥፊ አጮለቻት። ሰርካለም ዓይኗ ላይ ብልጭ አለባት። እጇን አላነሳችም፤ ወደኋላም አላለችም። አየለች ደገመቻት፤ ሁለተኛው ግን አቅም አልነበረውም፤ ጉንጯ ላይ አረፈና እዚያው ቀረ።

"ቀኑ ደርሶ ነው ይሉኛል" አለች አየለች። "ቄሱም፣ ወንድሞቹም፣ እናቴም። አንድም ሰው እንኳ እውነቱን አልነገረኝም።" ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ድምፅ አልነበረውም፤ ጀርባዋ ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው።

ሰርካለም አንድ ደረጃ ዝቅ ብላ ተቀመጠች። ጉንጯ ይግላል።

ከብዙ ቆይታ በኋላ አየለች አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠርጋ ግራ እጇን ዘረጋች። ሁለቱ ጣቶች ከሥራቸው የሉም። የመሀሉ ጣት ቀጥ ብሎ ቆሟል። "ይኼኛው አልታጠፍ ብሎኛል። ሳጭድ እንኳ አገዳውን መጨበጥ አልቻልኩም፤ ገብሴን ሰው ነው ያጨደልኝ።"

ሰርካለም እጁን በሁለት እጇ ተቀበለችው። ጣቱን ከሥሩ ያዘች፤ ጠባሳውን ዳሰሰች። "እስቲ ጨብጪ። በርቺ። አሁን ክፈቺ።"

"ያማል።"

"ጅማቱ ነው የተቆረጠው። ቁስሉን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ ጅማቱን መስፋት ግን አልተማርኩም። አዲስ አበባ የሚሠሩት የእጅ ሐኪሞች አሉ። ጊዜ አልፏል፤ ሆኖም ሊሞክሩልሽ ይችላሉ።"

"ማን ይቀበለኛል እዚያ?"

"ወረቀቱን እኔ እጽፍልሻለሁ።"

አየለች ለትንሽ ጊዜ ፊቷን አየቻት፤ የራሷ እጅ ምልክት ገና ቀልቶ ያለበትን ጉንጭ።

"ጻፊልኝ" አለች።